በልብስ ማስታወቂያ ውስጥ «የአክሊለ ብርሃን ተጽዕኖ» ምንድን ነው?

ታዋቂው ተዋናይ ጃኬቱን ለብሶ ፎቶ ሲነሣ ስለ ጨርቁ ጥራት አንዲት ቃል አይናገርም። ታዲያ ለምን እናምነዋለን?

የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ነገሩን «የአክሊለ ብርሃን ተጽዕኖ» ይሉታል፤ በሥዕል ላይ በቅዱሳን ራስ ዙሪያ እንደሚታየው ብርሃን ማለት ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ኤድዋርድ ቶርንዳይክ በ1920 (እ.ኤ.አ.) እንደጻፈው፣ የጦር መኮንኖች የበታቾቻቸውን ሲመዝኑ ቁመናው ያማረውን ወታደር በብልህነቱም በጠባዩም ከፍ አድርገው ይገምቱት ነበር። አንዱ መልካም ገጽ ያልታየውን ሁሉ ያበራዋል።

በማስታወቂያ ደግሞ ብርሃኑ ከሰውየው ወደ ልብሱ ይሻገራል። የናይኪ ኩባንያ በ1984 (እ.ኤ.አ.) የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹን ማይክል ጆርዳንን ሲያስፈርም ለገበያ ያቀረበው ጫማ ብቻ አልነበረም፤ የመዝለል ሕልም ጭምር እንጂ።

ሰውየው ተከፍሎት እንደለበሰ ማወቃችን እንኳን ሁልጊዜ አያድነንም።

ተጽዕኖው በግልባጩም ይሠራል። ዝነኛው ስሙ ሲጎድፍ፣ ጨርቁ ምንም ሳይሆን ልብሱም አብሮ ይጠላል፤ ኩባንያዎች ውል ለማፍረስ የሚጣደፉት ለዚህ ነው።