ጃፓንዲ ምንድን ነው?

ፒንተረስት ላይ ሳሎን ሲያማርጥ ያመሸ ሰው ይህችን ቃል ሳያገኛት አይቀርም፤ ጃፓንዲ። ፎቶው ሁሌም ይመሳሰላል። ዝቅ ያለ ሶፋ፣ ቀለም ያልተቀባ እንጨት፣ አንድ ደረቅ ቅርንጫፍ የተሰካበት ሸክላ፣ የቀረው ባዶ። “ሰዎቹ ገና ዕቃ እያስገቡ ነው እንዴ?” ያለኝ ዘመድ አለ። እያስገቡ አይደለም፤ ጨርሰዋል።

ጃፓንዲ የቤት ውስጥ ማስዋቢያ ስልት ነው፤ ስሙ ጃፓን እና ስካንዲ ተጣብቀው የወጣ ነው። ስካንዲ፣ ስካንዲኔቪያን (እነ ስዊድንን፣ ዴንማርክንና ኖርዌይን) በቁልምጫ መጥራት መሆኑ ነው። ቃሉ የቅርብ ጊዜ ነው፤ ዝምድናው ግን ከመቶ ዓመት ያልፋል። ጃፓን ከ200 ዓመት በላይ ዘግታው የኖረችውን በሯን እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ ስትከፍት ሥዕሏና ሸክላዋ አውሮፓን አጥለቀለቀው። የሮያል ኮፐንሃገን የፖርሴሊን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1885 አርኖልድ ክሮግ የሚባል አርክቴክት የጥበብ ሥራውን እንዲመራ ቀጠረ። ከዚያ በኋላ የዴንማርክ ሳህን ጃፓን ጃፓን ይሸት ጀመር።

ብዙዎች ጃፓንዲን ሲያስረዱ “ቀላልነት፣ ተፈጥሮ፣ እርጋታ” ብለው ያልፋሉ። እኔን የሚገርመኝ ግን ሁለቱ ቤቶች፣ የስካንዲኔቪያውና የጃፓኑ፣ ከመሠረታቸው ተቃራኒ መሆናቸው ነው። የሚለያዩት በብርሃን ነው።

የስዊድን ዋና ከተማ ስቶክሆልምን እንያት። በፈረንጆቹ ዲሴምበር ፀሐይ በእኛ ሰዓት ጠዋት ለሦስት ሩብ ጉዳይ ገደማ ትወጣና ዘጠኝ ሳይሞላ ትጠልቃለች። እንዲህ ያለ አገር የሚኖር ሰው ብርሃን ይሰስታል። ግድግዳውን ነጭ ይቀባል። ወለሉን በነጣ ያለ እንጨት ያለብሳል። ከባድ መጋረጃ አይሰቅልም። የገባችው ጨረር ከግድግዳ ግድግዳ እየነጠረች እንድትቆይለት ነው። ሻማ፣ የሱፍ ብርድ ልብስና ትኩስ ነገር ሲጨመርበት፣ ዴንማርኮች ሂዩገ የሚሉት የቤት ሙቀት ይመጣል።

የድሮው የጃፓን ቤት ደግሞ ለወበቁ ወራት ታስቦ የተሠራ ነው። ጣሪያው ከግድግዳው አልፎ ይወጣል። በመስታወት ፋንታ ሾጂ የሚባል ወረቀት የተለጠፈበት ተንሸራታች በር አለው። ፀሐይዋ በወረቀቱ ተጣርታ፣ ጉልበቷ አልቆ ነው የምትገባው። የክፍሉ ጥግ ጨለም ይላል፤ እንዲጨልምም ይፈለጋል።

ታዲያ ጥላን የሚያባርር ቤትና ጥላን የሚጋብዝ ቤት አንድ ሳሎን ውስጥ የት ይገናኛሉ? መብራቱ ላይ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ዴንማርካዊው ፖል ሄኒንግሰን የአምፖል ብርሃን ዓይን መውጋቱ አስመርሮት ባለ ድርብርብ መከለያ መብራት ሠራ፤ ከሥሩ ለተቀመጠ ሰው አምፖሉ አይታይም። እ.ኤ.አ. በ1951 ደግሞ አባቱ ጃፓናዊ፣ እናቱ አሜሪካዊት የሆነው ቀራፂ ኢሳሙ ኖጉቺ በፋኖስ ሥራ ወደምትታወቀው የጃፓን ከተማ ጊፉ ሄደ። ከዚያም ከወረቀትና ከቀርከሃ አካሪ ያላቸውን መብራቶች መሥራት ጀመረ። አካሪ ማለት ብርሃን ነው። ሁለቱም የተጣሉት ከአምፖሉ ጋር ነበር። ዛሬ በርካሽ የሚሸጠው ክብ የወረቀት መብራት የዚያ የጊፉ ፋኖስ ዘመድ ነው።

ስለዚህ ሳሎኔን ጃፓንዲ ላድርግ የሚል ሰው ከቀለም በፊት ከመብራት ቢጀምር ይሻለዋል። ጣሪያ መሃል ያለውን አጥፍቶ፣ በተቀመጠ ሰው ቁመት ሁለት ሦስት ትናንሽ መብራት ማስቀመጥ። አምፖሉ ካርቶኑ ላይ 2700 ኬልቪን የሚል፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ ይሁን። ቀለሙ ከዚያ ይከተላል። የሰሜኑ ነጭ ወደ ክሬም ይሞቃል፤ ከጃፓን ጠቆር ያለ እንጨት አንድ ሁለት ዕቃ ይመጣል። ሁሉንም አንድ ዓይነት ግራጫ ማድረግ ግን ጃፓንዲ አይደለም፤ የሆቴል ኮሪደር ነው።

ዕቃው ዝቅ ይላል። ጃፓኖች ለዘመናት የተቀመጡት ወለል ላይ፣ ታታሚ የሚባል ወፍራም የሣር ምንጣፍ ላይ ነው። ዓይን ዝቅ ሲል ጣሪያው ከፍ ያለ ይመስላል። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለች የጅማ በርጩማ እዚህ መሃል ብትቀመጥ ማንም እንግዳ አይላትም። መቀመጫ ካነሳን አይቀር፣ በየጃፓንዲው ፎቶ የምትታየዋ፣ ጀርባዋ የፈረንጆቹን ዋይ ፊደል የሚመስል ወንበር፣ የዴንማርኩ ሃንስ ቬግነር እ.ኤ.አ. በ1949 የነደፋት ናት። መቀመጫዋ 120 ሜትር ገደማ በሚሆን የወረቀት ገመድ በእጅ ይታታል። ሐሳቡን ያገኘው ግን ከጃፓን ሳይሆን ከጥንት የቻይና ወንበሮች ነው። ስም አውጪዎቹ ይህን ያሰቡት አይመስለኝም።

ዋቢ-ሳቢ የሚባል የጃፓኖች የውበት አስተሳሰብም አለ። ለአማርኛ ጆሮ ምስክርና ማራኪ ይመስላል፤ አይደለም። ዋቢ በጎደለና በትሑት ነገር ውስጥ የሚታይ ውበት ነው። ሳቢ ደግሞ ዕድሜ ዕቃ ላይ የሚያሳርፈው ወዝ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የጃፓን ገዥ የነበረው ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ በወርቅ የተለበጠ የሻይ ክፍል ነበረው። የሻይ መምህሩ ሴን ኖ ሪኪዩ እንደሠራት የሚታመነው ክፍል ግን ሁለት ታታሚ ብቻ የምታስነጥፍ ናት። ግድግዳዋ ጭቃ ነው፤ በሯም ተጎንብሰው የሚገቡባት ጠባብ። ጃፓንዲ የወረሰው የሪኪዩን ነው። እንጨት መሳይ ወረቀት የተለጠፈበት ኤምዲኤፍም የማያዋጣው ለዚህ ነው። እውነተኛ እንጨት ሲያረጅ ይወዛል፤ ልጥፉ ይላጣል።

ባዶውን ቦታ ጃፓኖች ማ ይሉታል፤ እንደ አንድ ዕቃ ይቆጠራል። ፎቶዎቹ የማያሳዩት ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። የጃፓን ቤት ኦሺይሬ የሚባል፣ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ቁምሳጥን አለው። ፍራሹ ሳይቀር ጠዋት ታጥፎ እዚያ ይገባል። ክፍሉ ባዶ የሆነው ዕቃ ስለሌላቸው ሳይሆን መደበቂያ ስላላቸው ነው። እንዲህ ያለ ግድግዳ የሌለው ሰው ከሶፋው በፊት በር ያለው፣ ረዘምና ዝቅ ያለ ቁምሳጥን ያሠራ። ሶፋው ክሬም ከሆነና ቤት ውስጥ ልጅ ካለ ደግሞ ሽፋኑ ዚፕ ያለው፣ ወልቆ የሚታጠብ ይሁን።