የቱሪስት ፓስ ምንድን ነው? ትልቅ የመዝናኛ ፓርክ ሲገባበትስ?

አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ገብቶ ድንቅነሽን ለማየት አንድ ትኬት ይቆረጣል። ቁልቁል ወርዶ በቤተ መንግሥቱ ግቢ ያለውን አንድነት ፓርክ ለመጎብኘት ሌላ ትኬት፣ ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. የተከፈተውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ ለማየት ደግሞ ሌላ ትኬት ያስፈልጋል። ሦስት በር፣ ሦስት ክፍያ። የቱሪስት ፓስ የሚባለው እንዲህ ያሉትን ክፍያዎች ሰብስቦ አንድ ጊዜ አስቀድሞ በማስከፈል በአንድ ኮድ በየበሩ የሚያስገባ ፈቃድ ነው። ዱባይ፣ ፓሪስ፣ ኦሳካና ሌሎችም ብዙ ጎብኚ የሚጎርፍባቸው ከተሞች አላቸው።

እዚህ ድረስ ቀላል ነው። የሚወሳሰበው በጉዞው ውስጥ ትልቅ የመዝናኛ ፓርክ ሲኖር ነው። ሙዚየም በሁለት ሰዓት ያልቃል፤ አንድነት ፓርክንም በግማሽ ቀን ተዘዋውሮ መጨረስ ይቻላል። ሮለር ኮስተር፣ የውኃ ጨዋታና ትርዒት ያለበት ትልቅ ፓርክ ግን ከጠዋት እስከ ማታ አይለቅም። ስለዚህ ፓስ ለመግዛት ሲታሰብ መጀመሪያ የሚጠየቀው ዋጋው ሳይሆን ፓሱ ምን እንደሚቆጥር ነው።

አንዱ ዓይነት ቀን ይቆጥራል። ሁለት፣ ሦስት ወይም አምስት ቀን ይገዛል፤ በእነዚያ ቀናት ከዝርዝሩ የቻሉትን ያህል ቦታ ይገባሉ። ሌላው በር ይቆጥራል። ሦስት ወይም አምስት ቦታ ይመረጣል፤ ቀኑ ቢራራቅም በተሰጠው የአገልግሎት ጊዜ ውስጥ እስከሆነ ድረስ ችግር የለውም። ሦስተኛው ፓርኮቹ ራሳቸው የሚሸጡት የጋራ ትኬት ነው። አቡ ዳቢ ያስ ደሴት ላይ በ2010 የተከፈተው ፌራሪ ወርልድ፣ በ2013 የተከፈተው ያስ ዋተርወርልድ፣ የ2018ቱ ዋርነር ብሮስ ወርልድና የ2023ቱ ሲወርልድ ጎን ለጎን ስለሆኑ ሁለቱን ወይም ሦስቱን አጣምሮ የሚያስገባ ትኬት ይሸጣል። (በዚህ ጽሑፍ ከ2016ቱ የዓድዋ መታሰቢያ በስተቀር የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ቀን የሚቆጥር ፓስና ትልቅ ፓርክ አብረው አይሄዱም። ቀን ቆጣሪው ትርፍ የሚሰጠው በአንድ ቀን ሦስት አራት ቦታ ለሚሮጥ ሰው ነው፤ ፓርኩ ደግሞ ሙሉ ቀን ይበላል። ለስሌት ያህል ዋጋ እንገምት፦ የፓርኩ መግቢያ 90 ዶላር፣ ከፍተኛ ሕንፃ ላይ መውጫ 45፣ የዓሣ ማሳያው 45፣ ጀልባ 25፣ ሙዚየም 20። የሦስት ቀን ፓስ 210 ዶላር፣ ሦስት በር የሚቆጥረው ደግሞ 150 ዶላር ይሁን። ሁሉንም አምስት ቦታ በሦስት ቀን ከጨረሱ በየበሩ ቢከፍሉ 225 ይወጣ ነበርና የቀን ፓሱ 15 ዶላር ያተርፋል። ነገር ግን የመጀመሪያው ቀን ከአውሮፕላን ወርደው ማታ ሕንፃው ላይ ብቻ ከወጡ፣ ሁለተኛውን ቀን ፓርኩ ከወሰደው፣ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ጀልባውንና ሙዚየሙን ብቻ ካዳረሱ፣ የተጠቀሙት የ180 ዶላር ነው። 30 ዶላር ከሰሩ። በር ቆጣሪውን ቢይዙ ኖሮ ፓርኩን፣ ሕንፃውንና የዓሣ ማሳያውን፣ ማለትም ሦስቱን ውድ በሮች በፓሱ ገብተው 30 ዶላር ያተርፉ ነበር፤ ጀልባና ሙዚየም ካማራቸው በር ላይ ይከፍላሉ። ደንቡ ይኸው ነው፦ ውድ ውዱን በፓሱ፣ ርካሹን በኪስ።

ፓርኩ ፓሱ ውስጥ መኖሩን ማረጋገጥ ደግሞ የገዢው ድርሻ ነው። በከተማ ፓስ ውስጥ ትልቁ ፓርክ የማይካተትበት ጊዜ ብዙ ነው። የፓሪስ ሙዚየም ፓስ በ1992 የተከፈተውን ዲዝኒላንድ ፓሪስን አያስገባም፤ እዚያ ለመድረስ ኧር ኧ ኧር በሚባለው የከተማ ባቡር የ«ኤ» መስመርን እስከ ማርን ላ ቫሌ–ሼሲ ጣቢያ መሄድና የፓርኩን ትኬት ለብቻው መያዝ ያስፈልጋል። እዚያም ቢሆን ፓርኩ ሁለት ስለሆነ የአንዱ ትኬት ሌላውን አይከፍትም። የኦሳካ አሜዚንግ ፓስም ዩኒቨርሳል ስቱዲዮስ ጃፓንን አይጨምርም። ይህ ፓርክ «ኤክስፕረስ ፓስ» የሚባል ነገር ይሸጣል፤ እሱ ግን በየጨዋታው ሰልፍ ማሳጠሪያ ብቻ ነው፤ የበሩ መግቢያ የለበትም። ኤክስፕረስ ፓስ ብቻ የያዘ ሰው በር ላይ ይመለሳል። «ፓስ» የሚለው ቃል ሲያጋጥም ታዲያ መግቢያ ነው፣ ሰልፍ ማሳጠሪያ ነው ወይስ የትራንስፖርት ብሎ መለየት ግድ ነው።

ከአዲስ አበባ ሲገዛ

ቅደም ተከተሉ ቪዛ፣ አውሮፕላን ትኬት፣ ከዚያ ፓስ ነው። በችኮላ ፓሱን አስቀድሞ ገዝቶ ቪዛ የተከለከለ ሰው ገንዘቡን ማስመለስ የሚችለው የፓሱ ውል ከፈቀደ ብቻ ነው፤ ውሎቹ ደግሞ ይለያያሉ። «ተመላሽ» የሚለው አንቀጽ ከመክፈል በፊት ይነበብ። አንድ ጊዜ በር ላይ የተነበበ ፓስ ግን ተመላሽ አይሆንም።

ክፍያው በዶላር፣ በዲርሃም ወይም በዩሮ ነው። በብር ሒሳብ ላይ የተሰጠ ተራ የኤቲኤም ካርድ ለውጭ ድረ ገጽ አይሠራም። ባንኮች ፓስፖርት፣ ቪዛና የአውሮፕላን ትኬት አይተው የውጭ ምንዛሪ የሚሞሉበት ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ይሰጣሉ፤ እሱ ይሠራል። ካርዱ በኢንተርኔት ለመክፈል መከፈቱን ግን እዚያው መስኮቱ ላይ መጠየቅ ነው፤ አለዚያ ካርዱ ገንዘብ እያለው ክፍያው «ተቀባይነት አላገኘም» እያለ ይመላለሳል። ማረጋገጫ ቁጥር በአጭር መልእክት ስለሚመጣም ባንኩ የያዘው ስልክ ቁጥር አሁን በእጅ ያለው መሆን አለበት።

ካርድ የሌለው ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ውጭ ያለ ዘመድ ገዝቶ በኢሜይል እንዲልክ ማድረግ ነው። እዚህ ላይ የሚበላሸው ስም ነው። ዘመድ በለመደው አጻጻፍ «ፀሐይ»ን በአንድ ዓይነት የላቲን ፊደል ይጽፋል፤ ፓስፖርቱ ላይ በሌላ ነው ያለው። መታወቂያ የሚያይ በር ላይ ይህ ጭቅጭቅ ያመጣል። የፓስፖርቱን የፎቶ ገጽ አንስቶ ልኮ «እንደዚህ፣ ፊደል በፊደል» ማለት ይበቃል። የልጆች የልደት ቀንም ከፓስፖርቱ ይወሰድ። ከእኛው አቆጣጠር ተነስቶ የተሞላ ዓመት ልጁን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያስረጀዋል፤ የልጅ ዋጋ የሚከፈልለትም የአዋቂ ይሆንበታል።

ሁለተኛው መንገድ በቸርችል ጎዳና፣ በቦሌ መንገድ ወይም በሜክሲኮ አካባቢ ያሉት የጉዞ ወኪሎች ናቸው። ፓኬጅ ሲሸጡ «ፓርክ አለው» ይላሉ። መጠየቅ ያለበት «ያለው» ምኑ እንደሆነ ነው፦ የፓርኩ መግቢያ ነው ወይስ እስከ በሩ የሚያደርስ መኪና ብቻ? ሁለቱም «የፓርክ ጉብኝት» ተብለው ይሸጣሉ። የትኛው ፓርክ እንደሆነም በስሙ ይጻፍ። ዱባይ ብቻ እንኳ ብዙ አለ፦ በ2016 የተከፈተው አይ ኤም ጂ ወርልድስ ኦፍ አድቬንቸር ሙሉ በሙሉ ጣሪያ ሥር ያለ ነው፤ በዚያው ዓመት የተከፈቱት ሞሽንጌትና ሌጎላንድ ደግሞ በአቡ ዳቢ አቅጣጫ ከከተማው ወጣ ብለው ይገኛሉ። ሌጎላንድ ከ2 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች ታስቦ የተሠራ ነውና ልጅ ሳይዙ የሄዱ ጎረምሶች ብዙ አይዝናኑበትም።

ቀኑና ሰዓቱ

አብዛኛው ስህተት የሚሠራው እዚህ ነው። ቀን የሚቆጥር ፓስ የሚጀምረው ሲገዛ አይደለም፤ መጀመሪያ በር ላይ ሲነበብ ነው። ከዚያች ደቂቃ በኋላ አይቆምም፤ ቀኖቹም ብዙውን ጊዜ ተከታታይ ናቸው። «የሦስት ቀን» ፓስ ሰኞ ከተነበበ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ ነው፤ ማክሰኞ እንረፍ ቢባል ማክሰኞ ይቃጠላል። አንዳንዱ ፓስ 24 ሰዓት ሲል ከተነበበበት ሰዓት ጀምሮ ይቆጥራል፤ ብዙው ግን የካላንደር ቀን ይቆጥራል። የእኛ ቀን ሲነጋ ይጀምራል፤ የፓሱ ቀን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ይገለበጣል። ስለዚህ ከአመሻሹ 11 ሰዓት ላይ «አንድ ቦታ እንኳ እንይ» ብሎ ፓሱን ያስነበበ ሰው ለሰባት ሰዓት ብሎ አንድ ሙሉ ቀን ከፈለ ማለት ነው። የገቡበት ዕለት ማታ ፓሱ ከቦርሳ ባይወጣ ይሻላል።

ፓርኩ «10፡00 ይከፈታል» ሲል ከጠዋቱ 4 ሰዓት ማለቱ ነው። ይህ ለሁሉም ግልጽ ይመስላል፤ ቢሆንም በቡድን ጉዞ ላይ አንዱ 10 ሰዓትን እንደ አዲስ አበባ ሰዓት ቆጥሮ ከሰዓት በኋላ ሲመጣ ቀኑ አልቋል። ዱባይ ከእኛ በአንድ ሰዓት ትቀድማለችና የእጅ ሰዓትም ይስተካከል። ቀን ሲመረጥ ደግሞ ወሩን በቁጥር ሳይሆን በስሙ ማየት ነው፦ አንዳንድ ድረ ገጽ ወርን አስቀድሞ ቀንን ያስከትላል፤ 05/06 ሜይ 6 ሊሆን ይችላል፣ ጁን 5ም ሊሆን ይችላል።

ፓርክ በተለይ ቀን አስቀድሞ ማስያዝ ሊጠይቅ ይችላል። ፓስ መያዝ ብቻውን ቦታ አያስይዝም፤ ፓሱ ላይ «ቦታ ማስያዝ ያስፈልጋል» ካለ በፓሱ ቁጥር የፓርኩን ቀን ለብቻ መምረጥ ይገባል። ለዚህ የሚሻለው የሥራ ቀን ነው። ከዓመታት በፊት ኤምሬትስ የኖረ ሰው «ዓርብ ይጨናነቃል፣ እሑድ ሂዱ» ብሎ ሊመክር ይችላል። ምክሩ አርጅቷል፦ ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ እዚያ የመንግሥት ሠራተኛው የሚያርፈው ቅዳሜና እሑድ ሲሆን ዓርብ ግማሽ ቀን ነው። ማክሰኞና ረቡዕ ሰልፉ ይቀንሳል። ሮመዳን ከሆነ የመክፈቻው ሰዓት ስለሚቀየር የዕለቱን ሰዓት ከፓርኩ ገጽ ማየት ያስፈልጋል።

በር ላይ

ኮዱ ስልክ ላይ ነው። ከአውሮፕላን እንደወረዱ ኢንተርኔት ላይኖር ይችላል፤ ሮሚንግ ያልተከፈተለት ሲም ኢሜይል አያወርድም። ከመነሳት በፊት ስክሪንሾት ማንሳት፣ ከዚያ አልፎ እዚሁ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቶ በወረቀት ማሳተም ነው። መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ ኮዱን አላነብ ሲል ወረቀቱ ያድናል። እያንዳንዱ ሰው የራሱ ኮድ አለው፤ አንዱን ኮድ አምስት ጊዜ አሳትሞ የመጣ ቤተሰብ አራቱ ውጭ ይቀራሉ። አንዳንድ ፓስ በቀጥታ አያስገባም፤ መጀመሪያ በትኬት መስኮት በወረቀት ትኬት ይቀየራል። ሰልፉ ሁለት ስለሚሆን በሩ ከመከፈቱ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መድረስ ያዋጣል።

ከገቡ በኋላ ፓሱ ሥራውን ጨርሷል። መግቢያው አብዛኛውን ጊዜ ጨዋታዎቹን ያጠቃልላል፤ ምግብ፣ ልብስ ማስቀመጫ ሳጥን፣ በጨዋታ ላይ የሚነሳ ፎቶና የሰልፍ ማሳጠሪያ ግን በተጨማሪ ይከፈልባቸዋል። ከውጭ ምግብ ማስገባት በብዙ ፓርክ ክልክል ነው፤ ጿሚ ካለ ውስጥ የሚሸጠውን ዝርዝር ቀድሞ ማየት ይጠቅማል።

ልጅ ይዞ የሚሄድ ሰው ከቤት ሳይወጣ ቁመት ይለካ። ሮለር ኮስተር ላይ የሚወጣው በዕድሜ አይደለም፣ በሴንቲሜትር ነው፤ የደኅንነት ማሰሪያው ከትንሽ ሰውነት ላይ በልኩ ስለማይቀመጥ ሠራተኛው በልምምጥ አያሳልፍም። ፌራሪ ወርልድ ያለው ፎርሙላ ሮሳ በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ይበራል፤ እዚያ ላይ አንድ ሴንቲሜትር የጎደለው ልጅ አብሮ ተሰልፎ መጨረሻው ላይ ሲመለስ ልቅሶው አይጣል ነው። የእያንዳንዱ ጨዋታ የቁመት ገደብ በፓርኩ ገጽ ላይ አለ። እዚያው ገጽ ላይ በጥገና የተዘጋ ጨዋታ ይጻፋል፤ የሚሄዱለት አንድ ጨዋታ ከሆነ ቀኑ ከመመረጡ በፊት ይታይ፤ በጥገና ምክንያት ፓሱ አይመለስምና።

ውስጥ ሲገቡ መጀመሪያ ወደ ዋናው ሮለር ኮስተር መሄድ ነው፤ ሰው ሁሉ በር አጠገብ ባለው ላይ ስለሚቆም ከውስጠኛው ጫፍ የሚጀምር ያተርፋል። ቀትር ላይ ትርዒትና ጣሪያ ሥር ያሉት፣ ከሰዓት በኋላ የውኃው። ለምሳ ወይም ለሶላት ከበሩ ውጭ ለመውጣት ሲያስቡ ደግሞ ከመውጣት በፊት ሠራተኛውን «ተመልሶ መግባት ይቻላል?» ብሎ መጠየቅና እጅ ላይ ማህተም ካለ ማስመታት ነው፤ ኮዱ ጠዋት ተነቧል፣ ሁለተኛ ጊዜ በራሱ አይከፍትም።