ግሬን ምንድን ነው? ባሩድ አይደለም!

እዚህ ሱሉልታ ሥጋ ቤት ቁጭ ብለን አንዱ ስለ አደን ሲያወራ "375 እኮ 300 ግሬን ባሩድ ነው የሚጎርሰው" አለ (375 ለትልልቅ አውሬ የሚሆን የአደን ጠመንጃ ካሊበር ነው)፣ ጠረጴዛው በሙሉ ራሱን ነቀነቀ። ይሄን ስሰማ ስንተኛዬ እንደሆነ እንጃ።

ወዳጄ፣ ቀለሁ 300 ግሬን ባሩድ የት ያደርገዋል? የሚይዘው ከ70 እስከ 80 አካባቢ ነው። 300 የተባለው አረሩ ነው፣ በአፈሙዙ የሚወጣው። ግሬን ክብደት ነው፣ ፈረንጆቹ ድሮ ከገብስ ፍሬ ያመጡት፣ አንዱ 0.0648 ግራም፣ ስለዚህ 300 ግሬን 19.4 ግራም ነው በቃ። ባሩዱም በግሬን ስለሚመዘን መምታታቱ ይገባኛል፣ ግን ሁለቱን አምታቶ ጥይት እቤቱ ልሙላ የሚል ካለ መሳሪያው ፊቱ ላይ ነው የሚፈነዳው።

"እሺ አረሩ ይሁን፣ ዞሮ ዞሮ የከበደው ይበልጣል" አለኝ። ይሄኛው ነው ይበልጥ የሚያናድደኝ። 9.3 በ62 የሚባለው ሌላ የአደን ጥይት (ኦቶ ቦክ በፈረንጆቹ 1905 ያወጣው) የተለመደው አረሩ 286 ግሬን ነው፣ ከ300ው ጋር ያለው ልዩነት አንድ ግራም እንኳን አይሞላም፣ ደሞ አረሩ ቀጠን ይላል። ክብደትን ከውፍረት ጋር የሚያሰላው ሴክሽናል ዴንሲቲ የሚባል ቁጥር አለ (ሌላው ሁሉ እኩል ከሆነ፣ ከፍ ያለው ጠልቆ ይገባል)፣ ሁለቱም ጋ 0.305 ነው። ጭራሽ ከሁለቱም የሚቀጥነው የ30 ካሊበሩ ባለ 220 ግሬን 0.331 ይመጣል! እና የቱ ነው የሚበልጠው?

ከፊቼ ጤፍ ጭኖ የሚወርድ አይሱዙ አስቡ። የተጫነው ቀስ ቢልም ፍሬን ተይዞ ቶሎ አይቆምም፣ ቀለል ያለው ይከንፋል ግን ቶሎ ይቆማል። የ375ቱ 270 ግሬን ቀለል ያለው ነው፣ ከ300ው በሰከንድ 50 ሜትር ገደማ ይፈጥናል፣ ለደጋ አጋዘን፣ ከሸንተረር ሸንተረር ለሚተኮስበት፣ እኔ እሱን ነው የምመርጠው። ለጎሽ ግን 300ው፣ እዚህ ላይ አልከራከርም። ቆይ ግን፣ ጭነቱ በደንብ ካልታሰረስ? ጫንጮ ሳይደርስ ጤፉ መንገድ ላይ ነው። አረርም እንደዛው፣ እርሳሱ ከመዳብ ልብሱ ጋር በደንብ ካልተያያዘ ትከሻ አጥንት ሲያገኝ ይበታተናል፣ ፓኮው ላይ 300 ቢል 500 ቢል ለውጥ የለውም። ሶሊድ የሚባለው (እንዳይሰፋ ተደርጎ የተሠራው ጠንካራ አረር) ደግሞ አይበተንም፣ ግን አልፎ ሄዶ ከኋላ የቆመችውን ስለሚያገኝ መንጋ መሃል አይተኮስም (አይሱዙው ገበያውን አልፎ ቤት ውስጥ ገባ እንበል)።

ደሞ ፈቃድ ላለው ሰው ነው የማወራው። 270 ሲተኩስ ቆይቶ 300 ከገዛ ወረቀት ላይ ተኩሶ የጠመንጃውን ማነጣጠሪያ መነጽር እንደገና ያስተካክል፣ ምክንያቱም እዛው ቦታ አያርፍም፣ ቆስሎ ጫካ የገባ ጎሽ ተከትሎ የሚገባው ደግሞ እሱ ብቻ ሳይሆን አደን መሪውም ነው።