«ከ1000 ሰው 3» ሲባል ማን ተቆጠረ?

የአንጀት ብግነት በሽታ በዋናነት የሁለት ሕመሞች የጋራ ስም ነው፦ ክሮንስ እና አልሰሬቲቭ ኮላይተስ። በሰሜን አሜሪካና በብዙ የአውሮፓ አገሮች ከ1000 ሰው ከ3 በላይ አለበት። ግራ የሚያጋባው ይህ ቁጥር ነው፤ ከበሽታው ጋር የሚኖረውን ሁሉ እንጂ ዘንድሮ የታመመውን ብቻ አይቆጥርም።

ለስሌት ያህል 200,000 ነዋሪ ያላት ከተማ እንውሰድ። በዓመት 20 አዲስ ሕመምተኛ ቢገኝ ከ100,000 ሰው 10 ማለት ነው። ትንሽ ይመስላል። ግን በሽታው ብዙውን ጊዜ በወጣትነት ይጀምራል፣ ዕድሜ ልክ ይቆያል፣ ቶሎም አይገድልም። በ30 ዓመት ወደ 600 ሰው ይጠራቀማል፤ ያው ከ1000 3። አዲስ የሚያዘው ባይጨምር እንኳ ድምሩ ያድጋል።

ይህን ቁጥር አምጥቶ በጅማ ሕዝብ ማባዛት ግን ስህተት ነው። እዚህ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የያዘው ሰው ሰገራው በማይክሮስኮፕ ታይቶ «አሜባ ነው» ይባልና ሜትሮኒዳዞል ይታዘዝለታል። አንዳንዴ ልክ ነው። ብግነቱን ለመለየት ግን ኮሎኖስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ትልቁን አንጀት ማየት) እና ከአንጀት የተወሰደ ናሙና ያስፈልጋል፤ ያልተመረመረ ደግሞ አይቆጠርም።

ስህተቱ በተቃራኒውም ይመጣል። የአንጀት ቲቢ ክሮንስን እጅግ ይመስላል። ቲቢውን ክሮንስ ብሎ ስቴሮይድ (ብግነት የሚያበርድ መድኃኒት) መስጠት የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም ቲቢው ይስፋፋል። ስለዚህ ተቅማጡ ከ4 ሳምንት ካለፈና ክብደት ከቀነሰ፣ ሦስተኛ ዙር የአሜባ መድኃኒት ከመዋጥ ሪፈር መጠየቅ ይሻላል።