«የወንድነት ጥቅም» ምንድን ነው?

«ወንድ ሆና ጥቅሙን አግኝታለች፤ ከዚህ በኋላ የሴት በደል ምኗ ነው?»

ይህን የጻፈው ሰው የሚያወራው ስለ አንድ ትራንስ ወንድ ነው። ሲወለድ ሴት ተብሎ፣ ዛሬ ወንድ ሆኖ ስለሚኖር ሰው። ይህን መሰል ነገር ሳነብ ስንተኛዬ እንደሆነ እንጃ። ስለ ሃይማኖቱና ስለ ሕጉ የሚከራከር ይከራከር። እኔን ያስጻፈኝ ቃሉ ነው።

የወንድነት ጥቅም ማለት ሰው ወንድ ነህ ብሎ ሲያስብ ሳትጠይቅ የሚሰጥህ ነገር ነው። ስትናገር ትደመጣለህ። ስታጠፋ «ድሮስ ሴት!» አትባልም። ሰጪው ሌላው ሰው ነው። ብዙው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንዴ ከተገኘ የማይነጠቅ ንብረት ያደርገዋል።

ሥራዬ የገጠር መሬት ስለሆነ ምሳሌዬም ከዚያው ነው። እዚህ ምሥራቅ ጎጃም የይዞታ ደብተር ላይ የባልም የሚስትም ፎቶ ይለጠፋል። (ደብተር ማለት መሬቱ የግልህ ነው ማለት አይደለም። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው። ይህን ሳልናገር አላልፍም።) ሰዎች የወንድነትን ጥቅም እንደ ደብተር ያዩታል። ለትራንስ ወንድ ግን ነገሩ ምርቱን ከባለመሬቱ ጋር እየተካፈሉ የሰው መሬት በእኩል ማረስ ነው። ያርሳል፣ ይዘራል፣ እህሉን ያስገባል። እህሉ እውነተኛ እህል ነው፤ «ምንም አልተጠቀመም» የሚሉትም ተሳስተዋል። መንገደኛ ሲያየው የራሱ ማሳ ይመስለዋል። ባለመሬቱ «በቃህ» ያለ ቀን ግን ሞፈር ቀንበሩን ተሸክሞ ይወጣል። እኩል አራሽ ቢያንስ አንድ ባለመሬት፣ አንድ ውል አለው። ትራንስ ወንድ ግን ያገኘው ሰው ሁሉ ባለመሬቱ ነው።

ምሳሌዬ አንድ ቦታ ላይ አይገጥምም። በእኛ አካባቢ መሬቷን በእኩል የምትሰጠው ብዙ ጊዜ ባል የሞተባት ሴት ናት። ደብተሩ በእጇ ነው፤ ግን ሴት በሬ አትጠምድም ይባላል። ባለመሬት ሁሉ ጉልበተኛ አይደለም።

ቤን ባረስ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የአንጎል ሴሎችን ያጠና ሳይንቲስት ነበር። ወንድ ሆኖ መኖር የጀመረው በ1997 እ.ኤ.አ. ዕድሜው ከ40 ካለፈ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት፣ ኤምአይቲ ተማሪ ሳለ፣ ክፍሉ ሁሉ ያቃተውን የሒሳብ ጥያቄ ፈታ። መምህሩ ግን «የወንድ ጓደኛሽ ሳይሠራልሽ አይቀርም» አለው። እኛ «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የምንለው ማለት ነው። ወንድ ከሆነ በኋላ ደግሞ ንግግሩን የሰማ ሰው «ሥራው ከእህቱ ሥራ በጣም ይሻላል» ሲል ተሰማ። እህቱ የተባለችው ራሱ ነበር። ሥራው ያው ነው፤ የተለወጠው ስሙ ነው።

ባረስ ይህን በ2006 እ.ኤ.አ. ኔቸር መጽሔት ላይ ጻፈው። አንድ ነገርም ለይቶ አስቀመጠ። አብልጠው የሚያከብሩት፣ ትራንስ መሆኑን የማያውቁት ናቸው።

አንድ ሰው ትራንስ ወንድ መሆኑን የሚያውቁትስ? «ባል አጥታ ነው» ይላሉ። «አንድ ወንድ ቢያገራት ይለቃት ነበር» ይላሉ፤ ይህ የመድፈር ዛቻ ነው። ሴት ላይ የሚወረወር ድንጋይ ነው፤ ያረፈው ግን እሱ ላይ ነው። ማህፀን ያለው ሰው ሲታመም ደግሞ የሚጠብቀው የሴቶች ክፍል ወረፋ ነው፤ ጢሙን እያሻሸ ተሰልፎ የሰው ዓይን ይበላዋል። ወንዶች ብቻቸውን ሲሆኑ ስለ ሴት የሚያወሩትንም አሁን ቁጭ ብሎ ይሰማል። ስለ እናቱና ስለ እህቱ ብቻ አይደለም የሚያመው። ትናንት ስለ እሱም እንዲሁ ይባል ነበር።

ጥቅሙ ለወንድ ሁሉ አንድ ዓይነትም አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ትራንስ ወንዶች ወንድ መስለው መታየት ከጀመሩ በኋላ ፖሊስ ይበልጥ እንደሚጠረጥራቸው ተናግረዋል።

እኛም ጎበዝ ሴት ስናደንቅ «እሷ እኮ ወንድ ናት» እንላለን። ወንድነቱን በምርቃት እንሰጣታለን፤ ርስት ሲካፈሉ ግን ሴት ናት።

አሁን ያ ወንድሜ የጻፈውን መልሶ ያንብበው። «ጥቅሙን አግኝታለች» ነው ያለው። አግኝቷል አላለም። ሰጠሁ ያለውን እዚያው ግሱ ላይ መልሶ ወስዶታል።