«ፈጣሪንም ይፈልጋል፣ ቴምሩንም»፦ የኢራናውያን ተረትና ትርጓሜው

ኢራናውያን የማይገጥሙ ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ ልያዝ የሚል ሰው ሲገጥማቸው «ሃም ኾዳ ራ ሚኻሃድ፣ ሃም ኾርማ ራ» ይላሉ። ፈጣሪንም ይፈልጋል፣ ቴምሩንም እንደ ማለት ነው። በፋርስኛ ኾዳና ኾርማ አፍ ላይ ስለሚገጥሙ ተረቱ ቶሎ ይያዛል።

አባቱ ቤት እየኖረ፣ ከአባቱ ኪስ እየወሰደ «እኔን ማንም አያዘኝም» ለሚል ጎረምሳ ይተረትበታል። የመንግሥት ወንበር ላይ ተደላድሎ የተቃዋሚ ጭብጨባ ለሚያምረው ፖለቲከኛም እንደዚያው። ስድብ አይደለም። ግማሹ ቀልድ ነው፤ ግማሹ ግን ይቆነጥጣል።

ስለ አመጣጡ በብዛት የሚነገረው እንዲህ ነው። ከእስልምና በፊት፣ በመካከለኛው ዐረቢያ፣ የማማ በሚባለው አገር በኑ ሐኒፋ የተባለ ጎሳ ይኖር ነበር። እነዚህ ሰዎች ቴምርና ቅቤ አድቦልቡለው ጣዖት ሠሩ። ሰገዱለት፣ ተሳሉለት። ከዚያ ረሃብ ገባ። ሰዎቹም አምላካቸውን እየቆረሱ በሉት። «ሐኒፋ በረሃብ ዘመን ጌታዋን በላች» የሚል የዐረብኛ ግጥም ተገጥሞባቸው እስከ ዛሬ መሳቂያ ሆነው ቀርተዋል። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ወይ ስገድለት፣ ወይ ብላው።

እኔን ግን በኑ ሐኒፋዎች ያሳዝኑኛል። የተራበ ሰው ምን ያድርግ? ጠግቦ አምላኩን የሚበላና ተርቦ የሚበላ እኩል ሊተረትባቸው አይገባም። እኛም ብንሆን በዚህ ነገር አቋማችን አንድ አይደለም። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» እንላለን። ዞር እንልና ደግሞ «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ብለን እንመክራለን።

ቴምር ራሱ በኢራን ከሃይማኖት ርቆ አያውቅም። በረመዳን ጾም የሚፈታው በእሱ ነው። መቃብር ቦታም፣ እኛ ለቅሶ ላይ ንፍሮ እንደምናቀርበው፣ ቴምር ይዞራል። የቀመሰ ሁሉ ለሟቹ ፋቲሐ ይቀራል። ስለዚህ ፈጣሪና ቴምር ሁልጊዜ ጠበኞች ናቸው ማለት አይደለም።

ተረቱ የተሠራው ለግለሰብ ቢሆንም ልኩን ያገኘው የኢራን መንግሥት ላይ ይመስለኛል። ከስሙ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1979 ንጉሡ ከወደቁ በኋላ የአዲሱ አገር ስም ምን ይሁን የሚል ክርክር ተነሳ። የጊዜያዊው መንግሥት ጠቅላይ ሚኒስትር መህዲ ባዛርጋን «ዴሞክራሲያዊ» የሚል ቃል እንዲጨመር ፈልገው ነበር። የአብዮቱ መሪ አያቶላ ኾሜኒ እንቢ አሉ። «እስላማዊ ሪፐብሊክ፤ አንድ ቃል አይጨመር፣ አንድ ቃል አይቀነስ» አሉ። ሕዝቡም አዎ ወይም አይ ብሎ ድምፅ ሰጠ።

ጉዱ ያለው እዚያ ስም ውስጥ ነው። ሕገ መንግሥቱ ፍጹም ሥልጣን የፈጣሪ ነው ይላል፤ ፈጣሪም ሰውን በገዛ ዕጣው ላይ ሾሞታል ብሎ ይቀጥላል። ሕዝቡ ፕሬዚዳንትና ፓርላማ ይመርጣል። ማን ለምርጫ ይቅረብ የሚለውን ግን 12 አባላት ያሉት የጠባቂዎች ምክር ቤት ያጣራል። ከ12ቱ 6ቱን በቀጥታ የሚሾመው የበላይ መሪው ነው። ከላይ ፈጣሪ፣ ከታች ድምፅ መስጫ ኮሮጆ፣ መሀል ላይ ወንፊት።

ባንክ ቤት ብትሄዱም ያው ነው። በ1983 ከወለድ ነፃ የባንክ ሕግ ወጣ። ወለድ ሐራም ነው ተባለ። ገንዘቡን የሚያስቀምጥ ሰው ግን ዛሬም በመቶኛ የተቆረጠ ክፍያ ይታሰብለታል። ስሙ «ትርፍ» ሆነ እንጂ ክፍያው አልቀረም። ኢንተርኔቱም ከዚህ የተለየ አይደለም። ትዊተር በ2009 ለሕዝቡ ተዘጋ። የበላይ መሪ የነበሩት አሊ ኻሜኔይ ግን ለዓመታት በተለያዩ ቋንቋዎች መልእክታቸውን እዚያው ላይ ሲለጥፉ ኖሩ። ተራው ሰው ፊልተርሸካን የሚሉትን የእገዳ ማለፊያ፣ ቪፒኤን፣ ገዝቶ ነበር መሪው የጻፉትን የሚያነበው። ይህን የሚያህል ቀልድ እኔ አላውቅም።

ከጥንቱ ታሪክ ጋር ያላቸው ነገርማ ይብሳል። በ1971 ንጉሡ በጥንቷ የነገሥታት ከተማ በፐርሴፖሊስ የፋርስ ንጉሠ ነገሥታዊ መንግሥት 2500ኛ ዓመትን ደግሰው ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ከእንግዶቹ አንዱ ነበሩ። ኾሜኒ ያን ድግስ በስደት ካሉበት ከኢራቅ አምርረው አወገዙት። በሰኔ 2025 ከእስራኤል ጋር ጦርነት ሆነ። ከጦርነቱ በኋላ ኻሜኔይ ራሳቸው የነቢዩ የልጅ ልጅ ሑሴን የተገደለበት ቀን በሚታሰብበት በአሹራ ዋዜማ የሐዘን ዝግጅት ላይ ስለ ኢራን አገር ፍቅር እንዲዘመር ጠየቁ። በኅዳር አካባቢ ደግሞ ቴህራን፣ አብዮት አደባባይ ላይ የንጉሥ ሻፑር ሐውልት ቆመ። የሮማው ንጉሠ ነገሥት ቫለሪያን ከፊቱ ተንበርክኳል። ሻፑር ከእስልምና በፊት በ3ኛው መቶ ዘመን የነገሠ ሰው ነው። አገር ስትደበደብ የጥንቱ ንጉሥ አስፈለገ ማለት ነው።

ሕዝቡስ? ብዙ የውጭ ጸሐፊዎች ኢራናዊን አደባባይ ላይ አንድ፣ ቤቱ ሌላ እያሉ በሁለት ፊት ይከሱታል። መጋረጃው ተጋርዶ ይጨፈራል፣ ወይን ይቀዳል። ያው ሰው በሙሐረም ወር ጥቁር ለብሶ ለሑሴን ከልቡ ያለቅሳል። በዘመን መለወጫ ማዕድ ላይ ቁርኣንና የሐፌዝ ግጥም ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ዓመቱ የሚቆጠረው ከነቢዩ ስደት ነው፤ የወራቱ ስሞች ግን ከእስልምና በፊት ከነበረው ከዞራስተር ሃይማኖት የመጡ ናቸው። በራሱ አቆጣጠር 13 ወር ለሚኖር ለእኛ ዓይነቱ ይህ ያን ያህል ሊገርመን አይገባም።

እኔ ይህን የሕዝቡን ነገር ግብዝነት አልለውም። የመንግሥት ቴምር በነፃ ነው። ባንኩ ትርፍ በመክፈሉ አይገረፍም፤ ባለሥልጣኑም ትዊተር በመጻፉ አይታሰርም። ተራው ሰው ግን ለእያንዳንዷ ቴምር ይከፍላል። የ22 ዓመቷ ማህሳ አሚኒ በመስከረም 2022 በሻርቧ ምክንያት ተይዛ በጥበቃ ሥር ሳለች ሞተች። «ሴት፣ ሕይወት፣ ነፃነት» የሚለው ጩኸት ከዚያ በኋላ አገሩን አጥለቀለቀው። ብዙ ሰው ተገደለ፣ የተሰቀሉም አሉ።

ከዚያ ፓርላማው ቅጣቱን የሚያከብድ አዲስ የሒጃብ ሕግ አጸደቀ። በ2024 መጨረሻ ሊታወጅ ቀን ተቆርጦለት ነበር። ሕዝቡ እንደገና አደባባይ ይወጣል የሚል ፍርሃት ስለነበረ የብሔራዊ ደኅንነት ምክር ቤቱ አዋጁን አስቆመው። ያን ጊዜ ሕጉን አልሻሩትም፣ አላወጁትምም። በቴህራን ጎዳናዎች ደግሞ ብዙ ሴቶች ቀድሞውንም ፀጉራቸውን ገልጠው መሄድ ከጀመሩ ሰንብተው ነበር።