ዲሜንሽናል ዌይት ምንድን ነው? ቀላል መሶብ እንደ ከባድ ዕቃ የሚከፈልበት ምክንያት

አሜሪካ ውስጥ መሶብ፣ ጀበና፣ የሐበሻ ቀሚስ ወይም በርበሬ በኢንተርኔት የሚሸጥ ሰው «የፖስታ ዋጋ ጨመረ» የሚለውን ዜና በዓመት ሁለቴ ሲሰማ ኖሯል፤ አንዴ በጃንዋሪ፣ አንዴ በጁላይ። ዜናው የሚመጣው በመቶኛ ነው። የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት፣ ማለትም ዩኤስፒኤስ፣ ግራውንድ አድቫንቴጅ በሚባለው የጥቅል አገልግሎቱ ላይ በጃንዋሪ 2025 በአማካይ 3.9 በመቶ፣ በዚያው ዓመት ጁላይ ደግሞ 7.1 በመቶ ጨምሯል። ሻጩ ይህን ሰምቶ የመላኪያ ሂሳቡ ላይ ያንኑ ያህል ሲጨምር ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ወሩ ሲያልቅ ደረሰኞቹን ሲያይ ግን አንዳንዱ ጥቅል እምብዛም ሳይጨምር፣ ሌላው ከተባለው በብዙ አልፎ ያገኘዋል።

አማካይ የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይሸፍናል። የጥቅል ዋጋ በክብደት፣ በርቀትና በመጠን የሚወሰን ሰፊ ሠንጠረዥ ነው፤ ጭማሪውም በሠንጠረዡ ላይ እኩል አይሰራጭም። ከሦስቱ ውስጥ ትንሹን ሻጭ በብዛት ሲጎዳ የማየው መጠኑ ነው። ክብደቱን ሁሉም ይመዝናል፣ ርቀቱን ሁሉም ያውቀዋል፤ ካርቶኑን በሜትር የሚለካው ግን ጥቂት ሰው ነው። የካርቶኑን መጠን ወደ ክብደት የሚለውጠው ስሌት ነው ዲሜንሽናል ዌይት የሚባለው፤ እዚህ የመጠን ክብደት እንለዋለን።

ስሌቱ ቀላል ነው። የካርቶኑን ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በኢንች ለክቶ ሦስቱን ማባዛት፣ ውጤቱን አጓጓዡ ለወሰነው አካፋይ ቁጥር ማካፈል፣ ትራፊ ካለ ወደሚቀጥለው ሙሉ ፓውንድ ማሳደግ። የተገኘው ቁጥር ሚዛን ላይ ከታየው ክብደት ጋር ይነጻጸርና የበለጠው ይከፈልበታል።

መሶብ እንውሰድ። ከነክዳኑ 7 ፓውንድ የሚመዝን፣ 18 በ18 በ18 ኢንች ካርቶን ውስጥ የገባ መሶብ ነው። 18 ሦስት ጊዜ ሲባዛ 5,832 ኪዩቢክ ኢንች ይሆናል። የፖስታ አገልግሎቱ በ2019 አካፋይ አድርጎ ለወሰነው 166 ሲካፈል 35.1 ይመጣል፤ ስለዚህ የ36 ፓውንድ ዋጋ ይከፈላል። ሚዛኑ ሰባት እያለ ሂሳቡ ሠላሳ ስድስት ይላል ማለት ነው። መሶቡን የሰፋችው እናት ስንት ቀን እንደፈጀባት የሚያውቅ ሰው፣ ከሥራዋ ዋጋ ይልቅ የካርቶኑ አየር ሲወደድ ማየቱ ያሳዝነዋል። ቢሆንም ስሌቱን ቀድሞ የሚያውቅ ሻጭ ዋጋውን ቀድሞ ማስተካከል ይችላል።

አጓጓዦቹ ይህን የሚያደርጉበት ምክንያት ግልጽ ነው። የጭነት መኪና በቀላል ዕቃ ሲጫን ክብደቱ ሳይሞላ ቦታው ይሞላል። መኪናው ትራስና ዳይፐር ጭኖ ቢሄድም ሹፌሩ፣ ነዳጁና መንገዱ ያው ናቸው፤ በክብደት ብቻ ቢያስከፍሉ ወጪያቸውን አይሸፍንም። የኢንተርኔት ግብይት ሲስፋፋ ትልልቅ ካርቶን ውስጥ ትንንሽ ዕቃ መላክ ስለተለመደ፣ ቀድሞ በአየር ጭነትና በጣም ትልልቅ ጥቅሎች ላይ ብቻ ይሠራበት የነበረው ስሌት ወደ ሁሉም ወረደ። የግል አጓጓዦቹ ፌዴክስና ዩፒኤስ በ2015 መግቢያ ላይ በምድር ለሚላኩ ጥቅሎች ሁሉ አደረጉት፤ በ2017 ደግሞ አካፋዩን ከ166 ወደ 139 አወረዱት።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ የዋጋ ለውጥ ሳይታወቅ የሚገባው በዚህ በር ነውና። አካፋዩ ሲያንስ የመጠን ክብደቱ ይጨምራል። ያው መሶብ በ139 ሲካፈል 42 ፓውንድ ይሆናል። በዋጋ ሠንጠረዡ ላይ አንድ ሳንቲም ባይነካም መሶቡ ባንድ ሌሊት ስድስት ፓውንድ ጨመረ ማለት ነው። የፖስታ አገልግሎቱም የሄደበት መንገድ ይኸው ነው። እስከ 2019 አጋማሽ አካፋዩ 194 ነበር፤ ስሌቱም ሩቅ ዞኖች፣ ማለትም ከመነሻው የራቁ የርቀት ደረጃዎች፣ ላይ ብቻ ነበር የሚሠራው። በጁን 2019 አካፋዩ 166 ሆነ፣ ስሌቱም ከ1 ኪዩቢክ ጫማ ለሚበልጥ ጥቅል በቅርብም በሩቅም እንዲሠራ ተደረገ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ፊላደልፊያ ሲላክ የመጠን ክብደት የማይታሰብበት የነበረው መሶብ ከዚያ ወዲህ በ36 ፓውንድ ሆነ። ያን ዓመት የተነገረውን መቶኛ ብቻ ያየ ሰው ይህን አያገኘውም።

በፖስታ አገልግሎቱ ዘንድ ወሳኙ መስመር 1 ኪዩቢክ ጫማ፣ ማለትም 1,728 ኪዩቢክ ኢንች ነው። ከዚያ በታች ወይም እኩል የሆነ ካርቶን የመጠን ክብደት አይታሰብበትም፤ ሚዛኑ ያለው ነው የሚከፈለው። 12 በ12 በ12 ኢንች ልክ መስመሩ ላይ ያርፋል። በአረፋ ፕላስቲክ ተጠቅልሎ 4 ፓውንድ የሚመዝን ጀበና በዚህ ካርቶን ቢላክ የ4 ፓውንድ ይከፈልበታል። አንዱ ጎን 13 ኢንች ቢሆን ግን 1,872 ኪዩቢክ ኢንች ይመጣል፤ ለ166 ሲካፈል ወደ 12 ፓውንድ ያድጋል። አንድ ኢንች ስምንት ፓውንድ አስከተለ።

ሌላም ማስተዋል የሚገባ ነገር አለ። ካርቶን ሲሸጥ የሚጻፍበት ልክ የውስጡ ነው፤ የሚለካው ደግሞ የውጪው ነው። «12 በ12 በ12» ተብሎ የተገዛ ካርቶን ከውጪ ሲለካ ከ12 ኢንች ትንሽ ያልፋል፤ ሲሞላና ሆዱ ሲነፋ ደግሞ የበለጠ። ፌዴክስና ዩፒኤስ ከኦገስት 2025 ጀምሮ ማንኛውንም የኢንች ትራፊ ወደ ላይ ስለሚያሳድጉ 12 ከሩብ 13 ተብሎ ይቆጠራል። ሦስቱም ጎን 13 ከሆነ 2,197 ነው፤ በ166 እንኳ ቢሰላ 14 ፓውንድ። ስለዚህ ለጀበና 12 በ10 በ10 የሚል ካርቶን መግዛት ይሻላል፤ ሦስቱም ጎን በአንድ ኢንች ቢያድግ እንኳ 1,573 ስለሚሆን ከመስመሩ በታች ይገባል።

ልብስ ላይ ደግሞ ማዳን የሚቻለው ብዙ ነው። የሐበሻ ቀሚስ ከነነጠላው 3 ፓውንድ አካባቢ ቢመዝን፣ እንዳይጨማደድ ተብሎ 16 በ12 በ10 ኢንች ካርቶን ውስጥ ሲገባ 1,920 ኪዩቢክ ኢንች ይሆንና የ12 ፓውንድ ይከፈልበታል። በስስ ወረቀት ተጠቅልሎ፣ ጥልፉ ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ በፕላስቲክ ፖስታ ወይም 14 በ12 በ4 በሆነ ጠፍጣፋ ካርቶን ቢላክ ግን 672 ኪዩቢክ ኢንች ብቻ ነው። የ3 ፓውንድ ዋጋ ተከፍሎበት ይሄዳል። ቀሚሱ ሲደርስ እንደሆነ መተኮሱ አይቀርም።

በመጠን ላይ የሚመጡ ሌሎች ክፍያዎችም አሉ። የፖስታ አገልግሎቱ በኤፕሪል 2022 ከ22 ኢንች በላይ ርዝመት ላለው ጥቅል 4 ዶላር፣ ከ30 ኢንች ለሚያልፍ 15 ዶላር፣ ከ2 ኪዩቢክ ጫማ በላይ ለሆነም 15 ዶላር ተጨማሪ ክፍያ ጀመረ፤ ልኩ ከዚያ ወዲህ ተቀያይሯል። መቋሚያ የሚሸጥ ሰው ይህን ያውቀዋል፦ ቀጭን ቱቦ ውስጥ ስለሚገባ የመጠን ክብደት አይነካውም፣ ርዝመቱ ግን ያስከፍለዋል። ክራርና ማሲንቆንም ርዝመታቸው ያስከፍላቸዋል። ከላይ ያየነው መሶብ ደግሞ ከ2 ኪዩቢክ ጫማ ስለሚያልፍ የመጠን ክብደቱም፣ ተጨማሪ ክፍያውም አብረው ያርፉበታል።

ርቀት ይህን ሁሉ ያባዛዋል። ዋጋው በዞን ነው። ከዋሽንግተን አካባቢ ፊላደልፊያ ዞን 2፣ አትላንታ ዞን 4፣ ሚኒያፖሊስ ዞን 5፣ ዳላስ ዞን 6፣ ዴንቨር ዞን 7፣ ሲያትልና ሎስ አንጀለስ ዞን 8 ናቸው። በአንድ ፓውንድ ጥቅል ላይ በዞን 2 እና በዞን 8 መካከል ያለው ልዩነት አነስተኛ ነው፤ በ36 ፓውንድ ላይ ግን ሰፊ ነው። «መላኪያ ነፃ» ብሎ ለሁሉም አንድ ዋጋ የሚለጥፍ ሻጭ ትልቅ ዕቃ ሲያትል ሲታዘዝ የሚከስረው ለዚህ ነው። ለመሶብና ለመሰሉ ዕቃዎች የገዢውን ዚፕ ኮድ ተቀብሎ ማስላት እንጂ አንድ ዋጋ መለጠፍ አልመክርም።

ከባድና ትንሽ ዕቃ ያለው ሻጭ ሁኔታው የተለየ ነው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቡና ቦታ ሳይዙ ይመዝናሉ፤ የመጠን ክብደት አያገኛቸውም። እንዲያውም መጠንን መሠረት ያደረገ ዋጋ ይጠቅማቸዋል። ፍላት ሬት የሚባሉት የፖስታ ቤት ካርቶኖች ውስጥ የገባ ዕቃ እስከ 70 ፓውንድ ድረስ ክብደቱም ዞኑም ሳይታይ አንድ ዋጋ ይከፈልበታል፤ ካርቶኑም በነፃ ይገኛል። ሌብል፣ ማለትም ጥቅሉ ላይ የሚለጠፈውን የመላኪያ ወረቀት፣ በሚሸጡ ድረ ገጾች በኩል የሚገኘው ኪዩቢክ የሚባለው ዋጋ ደግሞ ለትንሽና ከባድ ጥቅል ነው፤ ክብደትን ትቶ መጠንና ዞንን ያያል። ለምሳሌ 10 በ8 በ6 ኢንች ካርቶን ውስጥ 8 ፓውንድ በርበሬ ቢታሸግ በ0.3 ኪዩቢክ ጫማ ደረጃ ይሄዳል። ከማተም በፊት ሁለቱንም ዋጋ ማነጻጸር ነው።

የአማርኛ መጻሕፍት የሚልክ ሰው ከሁሉም ይቀለዋል። ሚዲያ ሜይል የሚባለው የፖስታ ቤቱ የመጻሕፍት መላኪያ ዞን የለውም፣ የመጠን ክብደትም አይታሰብበትም፤ በፓውንድ ብቻ ነው። ሆኖም ፖስታ ቤቱ ከፍቶ የማየት መብት አለው፤ ከመጽሐፍ ጋር ነጠላ ወይም ሻማ አብሮ መክተት አይፈቀድም።

በርካታ ሻጮችን የሚያስደነግጠው ግን ሌብሉ ከታተመና ዕቃው ከደረሰ በኋላ ከሂሳባቸው የሚቆረጠው ገንዘብ ነው። ይህ ማጭበርበር አይደለም። የፖስታ አገልግሎቱ ጥቅሎችን በማሽን እየመዘነና እየለካ ሻጩ ካስገባው ቁጥር ጋር ያነጻጽራል፤ ልዩነት ካለ ሌብሉ በተገዛበት ድረ ገጽ በኩል ሂሳቡን ያስተካክላል። ከ1 ኪዩቢክ ጫማ በላይ የሆነ ጥቅል ልኩ ሳይገባ ወይም ተሳስቶ ከተገኘ ደግሞ በ2022 በ1.50 ዶላር የተጀመረ መቀጫ አለው። ማሽኑም የሚሳሳትበት ጊዜ አለና፣ ትልቅ ጥቅል ሲታሸግ ሜትሩን ካርቶኑ ላይ ዘርግቶ ቁጥሩ እንዲታይ አድርጎ ፎቶ ማንሳት ጥሩ ልማድ ነው። አቤቱታ ሲቀርብ የሚጠየቀው ያ ፎቶ ነው።

ወቅቱንም ማየት ያስፈልጋል። የፖስታ አገልግሎቱ ከ2020 ወዲህ በአንዳንድ ዓመታት በፈረንጆች በዓል ሰሞን ጊዜያዊ ጭማሪ ሲያደርግ ቆይቷል። የ2025ቱ ከኦክቶበር 5 እስከ ጃንዋሪ 18፣ 2026 ነበር። ጭማሪው በክብደትና በዞን ስለሚያድግ የመጠን ክብደት ያለበት ጥቅል ላይ ይበረታል። የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 ስለሚውል ሙሉ በሙሉ በዚህ ውስጥ ይወድቃል፤ እንቁጣጣሽ ግን ሴፕቴምበር ላይ ስለሆነ ከጭማሪው በፊት ያልፋል። ለገና መሶብ የሚያዝ ደንበኛ ካለ በሴፕቴምበር እንዲያዝ ማግባባት ለሁለቱም ወገን ያዋጣል።

ዕቃውን ከአዲስ አበባ የሚያስመጣ ሻጭም ይህንኑ ስሌት በሌላ መልክ ያገኘዋል። በአየር ጭነት የተለመደው በሴንቲሜትር ለክቶ ለ6,000 ማካፈልና በኪሎ መክፈል ነው፤ ዲኤችኤል ኤክስፕረስ ደግሞ ለ5,000 ያካፍላል። 166 እና 139 የሚባሉት ቁጥሮች ሲመነዘሩ እነዚሁ ናቸው ማለት ይቻላል፤ 166 ከ6,000፣ 139 ከ5,000 ጋር ይቀራረባሉ። ስለዚህ መሶቡ ከአገር ሲወጣ አንድ ጊዜ፣ አሜሪካ ውስጥ ሲላክ ሌላ ጊዜ በመጠኑ ይከፈልበታል። በመሸጫ ዋጋው ውስጥ ሁለቱም መግባት አለባቸው።

አዲስ ጭማሪ ሲታወጅ ከመቶኛው በፊት ሦስት ነገር ይፈልጉ፦ አካፋዩ ተቀይሯል ወይ? የትራፊ አያያዝ ተቀይሯል ወይ? የመጠን ክብደት የሚጀምርበት መስመር ዝቅ ብሏል ወይ? የፖስታ አገልግሎቱ አዲሱን የጥቅል ዋጋ ከሚጸናበት ቀን ቀደም ብሎ ለፖስታ ተቆጣጣሪ ኮሚሽኑ አቅርቦ ይፋ ስለሚያደርግ ለመዘጋጀት ጊዜ አለ። በዚያ ጊዜ በብዛት የሚሸጡትን ዕቃዎች እንደሚላኩት አሽገው ከውጪ ይለኩ፤ የሚዛኑንና የመጠኑን ክብደት ጎን ለጎን ይጻፉ። የመጠኑ ክብደት በልጦ የተገኘበት ዕቃ ካለ መጀመሪያ ካርቶኑን ያሳንሱ። ካርቶኑ ማነስ ካልቻለ ያኔ ዋጋውን ይጨምሩ።